ስለ ሞክሼ ፊደላትና ጆሮ አንድ ስላደረጋቸው ቃላት

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄድ መንገደኛ በመናኸሪያው ቆሞ በመኪኖቹ ግንባር ላይ የተጻፈውን ቢመለከት የአንዲቱን ከተማ ስም በሁለት ዐይነት ተጽፎ ያገኘዋል። አንደኛው ጸሐፊ «ፍኖተ ሰላም» ሲል ሁለተኛው «ፍኖተ ሠላም» ብሏል። ረዳቱ በአፉ ሲጣራ ግን ልዩነት የለም፤ ተሳፋሪውም በየትኛው ቢሳፈር ከዚያችው ከተማ ይደርሳል። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ይህች ከተማ በግእዝ ቋንቋ የሰላም ጎዳና ተብላ ስም የወጣላት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. በጎጃም በኩል ከስደት በተመለሱበት ዘመን ነው። ስሙ ግእዝ ነውና ሰላም የሚጻፈው እሳቱ ሰ በሚባለው ፊደል ነው እንጂ በንጉሡ ሠ አይደለም። የሆነ ሆኖ እዚህ ላይ ፊደሉ ቢሳት ትርጓሜው ስለማይፋለስ ማንንም አይጐዳም። የሚጐዳበትን ስፍራ ኋላ እናየዋለን።

ለመሆኑ አንድ ድምፅ ላላቸው ቃላት ሁለትና ሦስት ዐይነት ፊደል ለምን ተቀመጠላቸው? ብዙ ሰዎች ለጌጥ ነው ይላሉ፤ አንዳንዶችም የጥንት ጸሐፍት ተማሪን ለማድከም የፈጠሩት ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ፊደላችን ከደቡብ ዐረብ ጽሕፈት ጋራ አንድ ዘር ነው። በዚያ ጽሕፈት 29 ፊደላት ነበሩ፤ የሰ ወገን የሆኑትም ብቻቸውን ሦስት ነበሩ። ግእዝ በአፉ ያልነበረውን ድምፅ ትቶ በአፉ የነበረውን ያዘ፤ ከሦስቱም ሁለቱን፣ ማለት ሠንና ሰን አስቀረ። እንግዲህ የማይሰማውን የጣለ ሕዝብ የሚሰማውን ብቻ እንዳስቀረ ማስተዋል ይገባል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዒዛና በአክሱም በድንጋይ ላይ ባስጻፈው ጽሑፍ ሠና ሰ፣ ሐና ኀ፣ ጸና ፀ እያንዳንዳቸው በየቦታቸው ይገኛሉ። ድንጋይ የሚጠርበው ሰው መዝገበ ቃላት በጎኑ አልነበረውም፤ የሰማውን ጻፈ እንጂ።

ድምፆቹ እንደ ነበሩ የሚመሰክሩ ጆሮዎች ዛሬም አሉ። የትግርኛ ተናጋሪ ሐንና ሀን፣ ዐንና አን አያምታታም፤ ጉሮሮው ይለያቸዋል። ኀን ግን ከሐ ጋራ ቀላቅሎታል፤ የሠና የሰ፣ የጸና የፀ ልዩነትም ከእርሱም ዘንድ ጠፍቷል። ዐረቦች ከእኛ ሦስቱ ሀ ጋራ የሚዛመዱ ሦስት ድምፆችን እስከ ዛሬ ለይተው ይጠራሉ፤ የጸሎቱን ጸ ዘመድ ሳድ፣ የፀሐዩን ፀ ዘመድ ዳድ ብለው ይለያሉ። ዓለም የሚለውን ቃል የጥንቱ ዕብራዊ ከጉሮሮው ስር አውጥቶ በዐይን ይጀምረው ነበር፤ ዐረቡም ዛሬ እንዲሁ ይጀምረዋል። የእኛ አፍ ግን ለሰለሰ፤ የጉሮሮው ድምፅ በአማርኛ ጠፋ፤ አማርኛ ተናጋሪውም ግእዙን በአማርኛ አፉ ማንበብ ጀመረ።

ጆሮ ከከዳ በኋላ ሊቃውንቱ ምን አደረጉ? ለፊደላቱ ስም አወጡላቸው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ አሏቸው። ስሙ ራሱ ፊደሉ የሚገባበት ቃል ነው፤ ንጉሥ የሚለው ቃል ሠን፣ እሳት የሚለው ሰን በሆዱ ይዞ ይዞራል። ይህን ያወጣው ማን እንደ ሆነ ስሙ አልተጻፈም፤ ነገር ግን ድምፁን ማዳን ያቃተው ሰው ልዩነቱን በቃል ጥናት እንዳዳነው እረዳለሁ። በቅኔ ቤትም ግስ የሚያስወርደው መምህር ቃሉን ከጠራ በኋላ «በምን ሰ?» ብሎ ይጠይቃል። ተማሪው በጆሮው የሚያገኘው መልስ የለምና ከመምህሩ የሰማውን በልቡ ይዞ ይመልሳል።

እውነቱን ለመናገር ግን ይህ ሁሉ ጥበቃ በየብራናው አልተሳካም። የዛሬን ልጆች የምንወቅስ ሰዎች የቀደሙትን አባቶች መጻሕፍት ገልጠን ብናይ በአንድ ገጽ ላይ አንዱ ቃል በሁለት ዐይነት ተጽፎ እናገኛለን። በጎንደር ዘመን የተጻፈውም በኋላ የተጻፈውም እንደዚሁ ነው። መቼም ጸሐፊው ሲሰለቸው እጁ የቀረበውን ፊደል ያነሣል። ከአማራ ሀገር የሄዱት አባ ጎርጎርዮስ በሮም ተገናኝተውት ግእዝን ያስተማሩት ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ የግእዝን መዝገበ ቃላት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1661 በለንደን አሳተመ። ከእርሱ ሁለት መቶ ዓመት በኋላ የተነሣው አውግስጦስ ዲልማንም በ1865 ታላቁን መዝገብ ሲፈጽም ከከበዱት ሥራዎች አንዱ ይኸው ነበር፤ ብራናዎቹ ሲለያዩበት የቃሉን ሥር ከዕብራይስጥና ከዐረብኛ ጋራ እያመሳከረ ትክክለኛውን ፊደል ይፈልግ ነበር። እኛ በቃል የያዝነውን እርሱ በንጽጽር ደረሰበት፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱ መንገዶች ተገናኝተዋል።

አሁን ጉዳት ወዳለበት ስፍራ እንምጣ። መሀረ በሃሌታው ሀ አስተማረ ማለት ነው፤ መምህርና ትምህርት ከእርሱ ይወጣሉ። መሐረ በሐመሩ ሐ ይቅር አለ ማለት ነው፤ ምሕረት ከእርሱ ይወጣል። ዓመት በዐይኑ ዐ የዘመን መስፈሪያ ነው፤ አመት በአልፋው አ ገረድ ናት፤ ስለዚህ አመተ ማርያም የምትባል ሴት የማርያም አገልጋይ ናት እንጂ የማርያም ዘመን አይደለችም። እንግዲህ በየቀኑ በደብዳቤ ራስ ላይ የምንጽፈውን ዓመተ ምሕረትን አንድ ችኩል ጸሐፊ «አመተ ምህረት» ብሎ ቢጽፈው የግእዝ ሰው ሲያነበው ዘመኑ ቀርቶ ገረድ፣ ይቅርታውም ቀርቶ የትምህርት ሥር ይታየዋል። ሠረቀ በንጉሡ ሠ ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ የፀሐይ መውጫም ስለዚህ ምሥራቅ ተባለ። ሰረቀ በእሳቱ ሰ ግን የሌባ ሥራ ነው። ብርሃን ሠረቀ ሊል ሲያስብ ብርሃን ሰረቀ ብሎ የጻፈ ሰው ፀሐይን ከወንበዴ ጋራ ቈጠራት። ሰብሐ አመሰገነ ሲሆን ሠብሐ ሰባ፣ ወፈረ ነው፤ አበየ እንቢ አለ ሲሆን ዐብየ ታላቅ ሆነ ነው። ከጸና ከፀ ወገን ትርጓሜን ፈጽሞ የሚያጣላ ጥንድ ጥቂት ነውና በእርሱ አልዘገይም።

በዚህ ነገር ሊቃውንቱም ከነቀፋ አያመልጡም። ሐለየ በሐመሩ ሐ ዘመረ፣ ዘፈነ ማለት ነው፤ ኀለየ በብዙኃኑ ኀ ዐሰበ ማለት ነው። በመዝገበ ቃላቱ ሕግ ማሕሌት በሐመሩ ሐ መጻፍ ነበረበት፤ ነገር ግን በየደብሩ «ማኅሌት» ተብሎ ሲጻፍ ኖሯል። የሰሎሞን መጽሐፍም በታተሙት መጻሕፍት ሁሉ ማለት ይቻላል «መኃልየ መኃልይ» ነው። ከመዝሙር ይልቅ የሐሳብ ሐሳብ ሆነ ማለት ነው፤ መጽሐፉንና ትርጓሜውን የሚያውቅ ሰው ግን ይህን ስሕተት እምብዛም አይጠላውም ብዬ እገምታለሁ።

እኔ ራሴ በዚህ የተገሠጽሁበትን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። በቅኔ ተማሪነቴ ወራት ለአንዲት ባልቴት የጸሎት መጽሐፍ በብራና ልገለብጥላት ተስማምቼ ነበር። እመቤታችንን «ለምኚልን» በምንልበት ስፍራ ሰአሊ ብዬ በእሳቱ ሰና በአልፋው አ መጻፍ ሲገባኝ ሠዐሊ ብዬ ጻፍሁት። የኔታ ወረቀቱን አንሥተው አዩና «ተርጕመው» አሉኝ። «ለምኚልን ማለት ነው፣ የኔታ» አልሁ። «ያሰብኸውን አልጠየቅሁህም፤ የጻፍኸውን ተርጕም» አሉኝ። ላቤ መጣ። «ሥዕል ሣዪልን ይላል፣ የኔታ» አልሁ። ምንም ሳይናገሩ ቢላቸውን አወጡና ሁለቱን ፊደላት ፋቁልኝ። ብራና ሲፋቅ ይሳሳል፤ ቀለሙም በተፋቀው ቦታ ይፈስሳል፤ ስለዚህ ያቺ ገጽ ከሌሎቹ ተለይታ ትታወቅ ነበር። ባልቴቲቱ ማንበብ አታውቅም ነበርና ለምን እንደ ሆነ ጠየቀችኝ፤ እኔም ነገርኋት። ሥቃ «ከልመናው በኋላ ሥዕሉም ቢጨመር ምን ነበረበት?» አለችኝ።

በአማርኛ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ አማርኛ የጉሮሮውን ፊደል ጨርሶ ስለሚውጥ ብዙ የግእዝ ቃላት ወድቀው በአንድ ድምፅ ላይ ይከመራሉ። ሠዐለ፣ ሰዐለ፣ ስሕለ የሚሉትን ሦስት ግሶች ተመልከቱ። የመጀመሪያው ሥዕል የሚሠራ ሰው ነው፤ ሁለተኛው የሚያስለው በሽተኛ ነው፤ ሦስተኛው ቢላዋ የሚያሾል ነው። በአማርኛ ግን ሦስቱም ሳለ ሆኑ። ሰአለ የሚለው አራተኛውም በስእለት በኩል መጥቶ ተሳለ በሚለው ተጠጋቸው። «ሠዓሊው ሌሊቱን ሁሉ ሲስል አደረ» ቢባል በጆሮ የሰማ ሰው ያመስግነው ወይስ መድኃኒት ይፈልግለት አያውቅም። በጽሕፈት ግን ፊደሉን ጠብቆ «ሲሥል» ያለ እንደ ሆነ ሰውየው በሥራ ላይ ነው፤ «ሲስል» ያለ እንደ ሆነ ታሟል።

ይህን ምሳሌ ስጽፍ አንድ ነገር ታወሰኝ። ፊደሉ ይጠበቅ እያልን የምንጮኸው የቅኔ ሰዎች በድምፅ መመሳሰል ከማንም ይልቅ የምንደሰተውም እኛው ነን። ኅብር የምንለው የቅኔ መንገድ አንዱን ቃል በሁለት ፊት እንዲታይ አድርጎ ማቆም አይደለምን? ባለ ቅኔው ሁለቱን ሥር ለይቶ ስለሚያውቅ ሆን ብሎ ያገናኛቸዋል፤ ሰሚውም ለይቶ ስለሚያውቅ ይደሰታል። ልዩነቱን የማያውቅ ሰው ዘንድ ግን ኅብሩ ኅብር መሆኑ ይቀርና ተራ ነገር ይሆናል። የጎንጅና የዋሸራ ቅኔ ቤቶች በጎጃም ምድር ስማቸውን ያስጠሩት በዚህ ማስተዋል ነው።

ባለፈው መቶ ዓመት ይህን ልዩነት በማተሚያ ቤት በኩል ለማጽናት እጅግ የደከሙት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ናቸው። ከመምህራቸው ከመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የተቀበሉትን ሥራ ዕድሜያቸውን ሁሉ ሠርተውት በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ዐደራ ተዉት፤ መጽሐፉም በ1948 ዓ.ም. ታተመ። አለቃ ደስታ ደግሞ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገብ በ1962 ዓ.ም. አወጡ። አንባቢ ሆይ፣ የሁለቱን መጻሕፍት ርእስ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። የመምህሩ «መዝገበ ቃላት ሐዲስ» ይላል፤ የደቀ መዝሙሩ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ይላል፤ ሁለቱም መጻሕፍት የታተሙባት ከተማ ደግሞ በአልፋው አ አዲስ አበባ ተብላ ትጻፋለች። አንድ ቃል በሦስት ፊደል ቆመ፤ ከሦስቱ ግን ሁለቱ በምክንያት ቆመዋል። ሐዲስ የግእዙ ሥር ነው። ዐዲስም ሐ በአማርኛ ሲወድቅ በቦታው ዐይኑ ዐ ይቁምና የጠፋው ፊደል ምልክት ይቅር የሚል ሐሳብ ነው። ሦስተኛው ከልማድ በቀር ምክንያት የለውም፤ ልማድ ግን ሁለቱንም አሸነፈ።

በሌላው ወገን የቆመው ክርክር የመጣው ከማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን በጎጃም ተወልደው በጎጃም ቅኔ የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ ድምፃቸው አንድ ከሆኑት ፊደላት አንዳንዱን ብቻ መርጠው በመጻፍ ሌሎቹን ተዉ። በዚያው መጽሐፍ ደግሞ የሚጠብቀውን ፊደል በነጥብ ለዩ፤ አለ ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነውና። ይህን ሳስብ እደነቃለሁ፤ ጆሮ የማይሰማውን ልዩነት ከወረቀት አነሡ፤ ጆሮ የሚሰማውን ግን ፊደል የማያሳየውን ልዩነት ወደ ወረቀት አመጡ። ሐሳባቸው ከሥሩ እስከ ጫፉ አንድ ነው፦ ጽሕፈት ለጆሮ ታማኝ ይሁን የሚል ነው። መጽሐፉን አንብቦ በፊደሉ ምክንያት ታሪኩ የጠፋበት ሰው አላጋጠመኝም። ይህን ማመን ግድ ይለኛል፤ በረዥም ነገር ውስጥ ፊትና ኋላው ቃሉን ያስረዳዋልና።

የእንግሊዞችም ነገር ለዚህ ክርክር ምስክር ይሆናል። ናይት ብለው በአንድ ድምፅ ሌሊትንም በፈረስ የሚዋጋ ባለ ማዕርግ ጦረኛንም ይጠራሉ፤ ሲጽፉት ግን በጦረኛው ስም ራስ ላይ የከ ድምፅ ያለውን ፊደል ይጨምራሉ፤ በሁለቱም መካከል ደግሞ ዛሬ ማንም የማይጠራቸው ፊደላት አሉ። እነዚህ ፊደላት በቀድሞ ዘመን ሁሉም ይጠሩ ነበር። ድምፁ ሞተ፤ መቃብሩ ግን በጽሕፈቱ ላይ ቀረ። ልጆቻቸው በዚህ ምክንያት በፊደል ጥናት ብዙ ይደክማሉ፤ ነገር ግን ቃላቱ በዐይን እንደ ተለዩ ኖረዋል።

የእኔ ሐሳብ መካከለኛ ነው። ግእዝ በተጻፈበት ሁሉ ፊደሉ ሊሳት አይገባም፤ ቋንቋው ከመጽሐፍ በቀር የሚያርመው አፍ የለውምና። ከግእዝ ሥር በወጣው አማርኛም ቢጠበቅ እወዳለሁ፤ ሥሩ በማይታወቀው የአማርኛ ቃል ግን አንዱን አጽንቶ በእርሱ መቀጠል ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ የገበያ ቃል የግእዝ አያት ስንፈልግ የምንውል ሰዎች ራሳችንን ሳናስቅ አንቀርም። የራሳችን ወንዝ ግን ከሚታወቁት ወገን ነው። ከቡሬ በስተ ሰሜን በሰከላ ግሽ የሚመነጨው ወንዝ በዐይኑ ዐ ዓባይ ሲባል ከዐብየ ጋራ ይዛመዳል፤ ታላቅ ማለት ይሆናል። በአልፋው አ አባይ ሲባል ግን በአማርኛ ሐሰተኛ ማለት ነው። በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን ግድብ ስም እንኳ ብዙዎች «ህዳሴ» ብለው በሃሌታው ሀ ይጽፉታል፤ ሥሩ ሐደሰ ነውና በሐመሩ ሐ ሕዳሴ ቢባል በተገባ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ፊደል መሳት የሚጐዳው በሰው ስም ላይ ነው፤ ስም ፊትና ኋላ የሚያስረዳው ነገር የለውምና። ኃይለ ብለን የምንጠራውን ስም ተማሪዎቼን ቍጠሩት ብዬ ነበር፤ ሦስቱን ሀ በግእዝና በራብዕ ቢጽፉት ስድስት ሆነ። ሥላሴን በሁለቱ ሰ ቢጽፉት አራት ሆነ። እንግዲህ ኃይለ ሥላሴ የሚለው አንድ ስም በሃያ አራት ዐይነት ሊጻፍ ይችላል፤ ሲጠራ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው።

ቀድሞ መዝገቡን የሚያገላብጠው ሰው ስለ ነበር ይህ ጉዳት አልነበረውም፤ ሰው ሲያነብ በልቡ ድምፁን ይሰማልና። ዛሬ ግን መዝገቡን የሚፈልገው መሣሪያ ነው፤ መሣሪያም ጆሮ የለውም። ከጥቂት ጊዜ በፊት በቡሬ አካባቢ የምትኖር አንዲት እናት ወደ እኔ መጥታ «አባ፣ አባቴን ሁለት ሰው አደረጉት» አለችኝ። የአባቷ ስም በይዞታ ደብተሩ ላይ በብዙኃኑ ኃ፣ በእርሷ መታወቂያ ላይ ግን በሃሌታው ሀ ተጽፏል። በአንድ መሥሪያ ቤት ያለ ወጣት ጸሐፊ በመሣሪያው ሲፈልግ ስላላገኘው «ይህ ሌላ ሰው ነው» ብሎ የአባቷን መሬት ሊያዛውርላት እንቢ አለ። ወጣቱ ክፉ አልነበረም፤ መሣሪያው ያሳየውን ነገራት። ሦስት ወር ተመላልሳለች፤ የዘር ጊዜም ደርሶ ነበር።

ሁለት ሽማግሎችን ይዤ ሄድሁ። ለወጣቱ ሁለቱን ፊደላት በወረቀት ጽፌ «ይህን አንብብልኝ» አልሁት፤ አነበበው። «ይህንንስ?» አልሁት፤ አነበበው። በራሱ አፍ አንድ ሆኖ ሲሰማው ፈገግ አለና «አባ፣ እኔ አምኛለሁ፤ መሣሪያው ግን አያምንም» አለኝ። ስለዚህ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚመሰክር ጽሑፍ እንድንሰጥ ጠየቀን። ተቀምጬ ጻፍሁት፤ ሽማግሎቹም ፈረሙ። ከግርጌው ቀኑን ስጽፍ እንደ ልማዱ በምሕጻር ዓ.ም. ማለቱን ትቼ ዓመተ ምሕረት ብዬ በሙሉ ጻፍሁት። ወጣቱ ያንን ሲያይ «እንዲህ ይጻፋል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና ወረፋ የሚጠብቀው ሰው እያጕረመረመ ስለ ሁለቱ ቃላት ነገርሁት። ሴትዮዋም በዚያው ሳምንት ወረቀቷን ተቀበለች።